ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ

ደብዳቤው ጋሸና ላይ ሦስት ቀን አርፎ ነው የመጣው። የምሥጋናው እኅት ሽታዬ መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት አላት፤ ከደሴ የመጣ ሾፌር ለእሷ ሰጣት፣ እሷ ደግሞ ዘመድ ልትጠይቅ ወደ ላስታ ስትመለስ በመቀነቷ ሸጉጣ አደረሰችለት። ፖስታው ላይ «ለምስጋናው» ይላል። ምሥጋናው ስሙን አየና ፈገግ አለ። ስሙን በተሳሳተ ፊደል ሲጽፉበት እንደ እሾኽ የሚወጋው ሰው ነው፤ ከአንዲት ሰው በቀር። የእሷ ስሕተት ይናፍቀዋል።

«ክፈተው እንጂ!» አለች ሽታዬ፣ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ ብላ አቧራዋን እያራገፈች። «ሦስት ቀን ሙሉ ጭልፋ ባነሣሁ ቁጥር ሆዴን ሲያቃጥለኝ ነው የሰነበተው።»

«ኋላ አነበዋለሁ።»

«ኋላ! እስከ ስድስተኛ ክፍል ያስተማርንህ ለኋላ ነው?»

ፖስታውን በጥንቃቄ ቀደደው። እንዲህ ይላል፦

«ምስጋናው፣

ስልክ ያልደወልኩት ድምፄ እንዳይከዳኝ ብዬ ነው። ከጠብታ ዋሻ ሰብስበን ባመጣናቸው አርባ ሁለት ናሙናዎች ላይ አንተ ያደረግከው ምልክትና እኔ በማይክሮስኮፕ ያየሁት አልተገናኘም። ሁለቱን አይነቶች ደባልቀሃቸዋል። ፈታኞቼ የመመረቂያ ስራዬን አልተቀበሉትም፤ አንድ ክረምት ብቻ ሰጥተውኛል። ከመጀመሪያው መሰብሰብ ካለብኝ ከሰኔ እስከ ጳጉሜ እዚያው መቆየቴ ነው። ሀሙስ ከስራ ባልደረባዬ ከሂሻም ጋር እመጣለሁ። መብራቱን አዘጋጅልኝ። የሚያስቸግርህ ከሆነ ሌላ ሰው ይፈለግልኝ።

ቃለህይወት»

ሁለት ጊዜ አነበበው። በሁለተኛው ንባብ ዐይኑ «ሌላ ሰው» የሚለውን አልፎ መሄድ አቃተው።

ሽታዬ ፊቱን እያየች ነበር። «ምን ትላለች? አንብብልኝ።»

አነበበላት። ድምፁ መካከል ላይ ሊቆረጥ ደርሶ መልሶ ያዘው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለችው። «ከሰኔ እስከ ጳጉሜ አለች?»

«ብላለች።»

«ታዲያ ምን ሆንኩ ብለህ ነው እንዲህ የጠቆርከው? ሌላ ሰው ቢሆን ጧፍ ያበራ ነበር! ዐሥር ጊዜ ስሟን በእንቅልፍህ ስትጠራ የሰማሁ እኔ አይደለሁም? ሐሙስ ስትመጣ ተሳስቻለሁ በላት፤ ይቅርታ ጠይቃት፤ ክረምቱን ሙሉ አጠገብህ ትቀመጥልሃለች።»

«ካልተሳሳትኩስ?»

«ኧረ በሞቴ! ከዩኒቨርሲቲ ጋር ልትከራከር ነው?»

ምሥጋናው ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የእኅቱ ንግግር ሳይሆን የራሱ ዐይን ነበር ያስጨነቀው። እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚለው ነገር ቢኖር ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን ለይቶ የሚያይ ዐይኑ ብቻ ነበር። እሱም ከድቶት ከሆነ፣ ሐሙስ ዕለት ፊቷ ቀርቦ ምኑን ይዞ ይቆማል?

*

ጠብታ ዋሻ ከይምርሐነ ክርስቶስ ሽቅብ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ዙሪያው ያለው ተራራ ጥቁርና ቀይ ድንጋይ ሲሆን ዋሻው ብቻ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በጥቁር በሬዎች መካከል እንደ ቆመ ነጭ ጥጃ። ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ አባ ደባሱ ባርከው ጠበል ያደርጉታል። ምሥጋናው ደግሞ መንገዱን ይጠርጋል፣ መብራቱን ይይዛል፣ የሚመጣውን ሰው ስም መዝገብ ላይ ያሰፍራል።

ቃለሕይወት ባለፈው ጥቅምት ስትመጣ ስሟን የጻፈው እሱ ነው። አንገቷን አስግጋ መዝገቡን አየችና፣

«ይቺ ሐ ከየት መጣች?» አለችው። «እኔ በዚህኛው ሀ ነው የምጽፈው።»

«ሕይወት ሲጻፍ በሐመሩ ሐ ነው» አላት መሬት መሬት እያየ። «በሌላ ከተጻፈ ሕይወት አይደለም።»

«ጉድ ነው! እንግዲያ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳልኖር ነው የቆየሁት!» ብላ ሣቀች። ሣቋ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ወጣ። የምሥጋናው ጆሮ እስከ ሥሩ ጋለ።

የመጣችው የድንጋይ ሽበት ፍለጋ ነበር፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ያን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር። አባ ደባሱ ይህን ሲሰሙ ጺማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ለሽበትማ እዚህ ድረስ ምን አደከመሽ? ይኸው፣ የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ!» አሏት።

ዋሻው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሽበት አለ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቃለሕይወት በሆዷ ተኝታ፣ አጉሊ መነጽሯን ዐይኗ ላይ ለጥፋ ሰዓታት ስታያቸው ትቆይና ተስፋ ቆርጣ ትነሣለች። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ የአንደኛው ቅጠል ጅማት ጫፉን አልፎ እንደ ጸጉር ብቅ ይላል፤ የሁለተኛው ጅማት ጫፉ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። በዐይን ብቻ ግን ማንም አይለያቸውም ትላለች፤ መጽሐፎቹም እንደዚያ ነው የሚሉት።

«ሲደርቁ ይለያያሉ» አላት ምሥጋናው አንድ ቀን።

«ማን አለህ?»

«ማንም። በጋ ከክረምት ሳያቸው ነው የኖርኩት። እስከ ጥር ይታገሱ። አንደኛው ሲደርቅ እንደ ተፈተለ ክር ይጠመዘዛል። ሌላኛው አይጠመዘዝም፤ እንደ ሕፃን ጣት ወደ ውስጥ ይታጠፋል።»

ቃለሕይወት አጉሊ መነጽሯን አውርዳ ትክ ብላ አየችው። እንደዚያ ያየው ሰው በሕይወቱ አልነበረም።

ሥራዋም እዚህ ላይ ተመሠረተ። በጥርና በየካቲት ምሥጋናው የደረቀውን ሽበት በዐይኑ ብቻ እየለየ፣ በወረቀት እየጠቀለለ፣ ምልክት እያደረገ ሊሰጣት፤ እሷ ደግሞ ደሴ ወስዳ በማይክሮስኮፕ ልትፈትን። «ምልክቱን አንተ ምረጥ» አለችው። «የቱ የቱ እንደ ሆነ ለእኔ እንዳትነግረኝ። ወረቀቶቹንም አላያቸውም። ሳላውቅ ካልመረመርኩ ፈታኞቹ አያምኑኝም።»

ምሥጋናው ማታውን ሙሉ አሰበበት። ጠዋት ላይ አባ ደባሱ በልጅነቱ ካስቈጠሩት ፊደል መካከል ሁለቱ መጡለት። ንጉሥ የሚጻፍበት ንጉሡ ሠ አለ፤ እሳት የሚጻፍበት እሳቱ ሰ አለ። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለዐይን ግን ሁለት። ከእነዚህ ሁለት ሽበቶች ጋር ከዚህ የበለጠ የሚመሳሰል ነገር አላገኘም። የሚጠመዘዘውን ንጉሡን ሠ፣ የሚታጠፈውን እሳቱን ሰ አደረገው። በቀይ ብዕር፣ አንድ በአንድ፣ አርባ ሁለት ጊዜ።

የካቲት ላይ ዕቃዋን ጭና ልትሄድ ስትል መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ ሳያስበው፣ «ሥራው ባያልቅ ምን ነበረበት» የሚል ቃል ከአፉ አመለጠው። ቃለሕይወት ሰምታዋለች። ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ወዲያኛው መስኮት መለሰች። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ባሰበ ቁጥር ብቻውን ሆኖ እንኳ ያፍራል።

*

ሐሙስ ዕለት ከረፋዱ ላይ መጡ። መኪናው መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ወጣ፣ የቀረውን በእግር አዘገሙት። ሂሻም ካርቶን ተሸክሞ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ የደሴ ልጅ ነው።

«ደኅና ነህ ወንድሜ? ወላሂ ይሄን ዳገት በየቀኑ የምትወጣው ከሆነ አንተ ሰው አይደለህም፣ ፍየል ነህ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አቶ ሂሻም።»

«አቶዋን ተዋት። አቶ ስትለኝ አባቴ ከኋላዬ የቆመ ነው የሚመስለኝ።»

ቃለሕይወት እጇን ሰጠችው። የጣቷን ጫፍ ብቻ። ዐይኗ ከትከሻው በላይ ወደ ዋሻው አፍ ያያል። ከስታለች። «መብራቱ አለ?» አለችው። «አለ» አላት። ከሦስት ወር በኋላ የተነጋገሩት ይህንኑ ነው።

ሂሻም ዋሻው ደጃፍ ላይ ካርቶኑን ሲፈታ ሁለቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ከጣራው ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ግንቦት ስለሆነ ቀጭን ነው፤ አንዱ ጠብታ ከወደቀ በኋላ ሌላው እስኪወድቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል። ቃለሕይወት ግድግዳው ሥር ተንበርክካ ሽበቱን በጣቷ ጫፍ ነካችው። ምሥጋናው መብራቱን ከላይዋ ያዘላት።

«ምሥጋናው» አለችው፣ ወደ እሱ ሳትዞር። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ግን ንገረኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ሆን ብለህ ነው?»

አልገባውም።

«ያን ቀን መኪናው አጠገብ ያልከኝን አልረሳሁትም። ሥራው ባያልቅ ምን ነበረበት አልከኝ። እንድመለስ ብለህ ነው ያደባለቅካቸው?»

አይደለም ማለት ነበረበት። ቃሏ ትንሽ ናት፤ አንድ ትንፋሽ ትበቃታለች። ነገር ግን ምሥጋናው ሐሰት በማይነገርበት ቦታ ያደገ ሰው ነው፤ ጠበል አጠገብ ቆሞ ልቡን ሲመረምረው ደግሞ ንጹሕ ሆኖ አላገኘውም። ወረቀቶቹ መንገድ ላይ በጠፉ፣ ዝናብ በነካቸው፣ ተመልሳ በመጣች ብሎ ተመኝቷል፤ አንዳንዴም ጸሎት መካከል ላይ። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ።

ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደችው።

«አባቴን ስለ አንተ ነግሬው ነበር፣ ታውቃለህ?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ዳኛ ነበር፣ በቀላሉ ሰው አያምንም። የዋሻ ዘበኛ ነው አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ነው የደረሰው አለኝ። ዐይኑን ብታየው አልኩት። እኔ በማይክሮስኮፕ የማየውን እሱ ቆሞ ያየዋል፤ ሥራዬ ሲያልቅ በወረቀት አረጋግጥልሃለሁ አልኩት። ከአባቴ ጋር ተከራክሬ የማላውቅ እኔ፣ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆሜ ስለ አንተ ተከራከርኩ።» ተነሣች፤ ጉልበቷን አራገፈች። «አሁን ምን ልበለው?»

አልፋው ወጣች። መብራቱ እጁ ላይ ቀረ። ምሥጋናው ስለ እሱ የተከራከረለት ሰው እንደ ነበር የሰማው፣ ያንኑ ሰው ባጣበት ሰዓት ነው። ደስታውንና ሐዘኑን ለይቶ መያዝ አቃተው።

*

ሲወጣ ሂሻም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወረቀት እያሰናዳ ነበር። ቃለሕይወት ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሸለቆውን ታያለች።

«ና ተቀመጥ» አለው ሂሻም በዝግታ። «ለአዲሱ ናሙና መጠቅለያ ነው የማዘጋጀው። አዲስ ወረቀት ከሚባክን አሮጌዎቹን ይዤ መጣሁ። ያንተን ምልክት እሰርዝና አዲስ ቁጥር እጽፍበታለሁ።»

ምሥጋናው ጎንበስ ብሎ አየ። የራሱ ወረቀቶች ናቸው። የራሱ ቀይ ብዕር። ከላይ ያለችው ወረቀት ላይ ሦስት ጣቷን ወደ ላይ የዘረጋችው ንጉሡ ሠ ቁጭ ብላለች። ከሥሯ ባለችው ላይ እግሯን ከፍታ የቆመችው እሳቱ ሰ አለች። አልደበዘዙም፣ አልተዛነፉም። አጠገባቸው ደግሞ በኮምፒዩተር የተጻፈ ዝርዝር ተዘርግቷል፤ ከአንድ እስከ አርባ ሁለት። ከየቁጥሩ ፊት ያለውን ፊደል በዐይኑ ወረደበት። ሰ። ሰ። ሰ። ሰ። እስከ መጨረሻው ሰ።

ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባው። ዐይኑ አልከዳውም። እጁም አልከዳውም። ሌላ ሰው ንጉሡንና እሳቱን አንድ አድርጎ ገልብጧቸዋል፤ በቃ።

መጀመሪያ የመጣለት እፎይታ ነበር። ከእፎይታው ኋላ ግን ሌላ ሐሳብ ቀስ ብሎ ገባ። ይህን ከተናገረ ሥራዋ ዛሬውኑ ያልቃል። ወረቀቶቿን ይዛ ደሴ ትገባለች፣ ፈታኞቹ ይቀበሏታል፤ ጠብታ ዋሻን ዳግመኛ የምታይበት ጉዳይ አይኖራትም። ካልተናገረ ግን ሰኔ አለ። ሐምሌ አለ። ዝናቡ ደጁን ሲዘጋው ዋሻው አፍ ላይ እሷ ማስታወሻዋን ስትጽፍ፣ እሱ መብራት ሲይዝላት፤ ነሐሴ አለ፤ ጳጉሜም አለች። ሌላ ማንም አያውቅም። ምንም ክፉ ነገር ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ቆሞ ዝም ማለት ብቻ ነው፣ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚችለው ነገር ነው። የሽታዬ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ፤ አጠገብህ ትቀመጥልሃለች።

የሂሻም ብዕር ወደ መጀመሪያዋ ወረቀት ወረደ።

አጠገቤ፤ ግን ከማን አጠገብ? አለ ምሥጋናው በልቡ። ከቀጣፊ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ክረምቱን ሙሉ እኔን ባየች ቁጥር የምታየው እሱን ነው።

«ሂሻም፣ አይሰርዙት!»

ድምፁ እሱን ራሱን አስደነገጠው። ቃለሕይወት ዞር አለች።

«ምነው?» አለ ሂሻም።

«እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

«ሰ።»

«ይቺኛዋንስ?»

«ሰ።»

«ሁለቱ አንድ ናቸው?»

«አንድ ናቸው እንጂ! አንደኛዋን ደኅና አድርገህ ጽፈሃታል፣ ሌላዋን በጌጥ። እኔ ስተይብ ለጣቴ የቀረበችኝን ነካሁ። ሰ እንግዲህ ሰ ነው!»

«አይደለም» አለ ምሥጋናው። «ይቺ ንጉሡ ሠ ናት። ይቺ እሳቱ ሰ ናት። ንጉሡ የሚጠመዘዘው ነው፤ እሳቱ የሚታጠፈው።»

ቃለሕይወት መጥታ ሁለቱን ወረቀቶች ከሂሻም እጅ ወሰደች። አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ይዛ ፀሐይ ላይ አነሣቻቸው። አጉሊ መነጽሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አላስፈለጋትም።

«ሂሻም» አለች ቀስ ብላ። «መጋቢት ላይ አባቴን ሳስታምም ደውዬ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ይላል ብዬህ ነበር።»

«ሰ ይላል አልኩሽ። ሁሉም ሰ ነው አልኩሽ።» ሂሻም ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «ያ አላህ! አርባ ሁለቱንም! ቃልዬ፣ ላግዝሽ ብዬ...»

«እኔም ሁሉንም አንድ ያደረገው እሱ መስሎኝ ነበር። ማስታወሻዬን ስጠኝ» አለችው።

ሂሻም ወረቀቶቹን በየተራ ሊያነብ፣ እሷ ማይክሮስኮፑ ያሳያትን ከማስታወሻዋ፣ ጅማቱ ብቅ ያለውን የሚጠመዘዘው፣ ጫፉ ያልደረሰውን የሚታጠፈው እያለች ልትመልስ ተቀመጡ። ምሥጋናው ማየት አልቻለም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«አንድ፦ ሰ» አለ ሂሻም፤ ወዲያው ራሱን ያዘ። «ይቅርታ፤ ንጉሡ!»

«የሚጠመዘዘው።»

«ሁለት፦ ንጉሡ።»

«የሚጠመዘዘው።»

«ሦስት፦ እሳቱ።»

«የሚታጠፈው።»

ዐሥር ደረሱ። ሃያ ደረሱ። ከሃያ በኋላ የቃለሕይወት ድምፅ መሰባበር ጀመረ፤ ሠላሳ ላይ ሹክሹክታ ሆነ። ሠላሳ ሰባት ላይ ቆመ።

«እሳቱ ነው የሚለው» አለ ሂሻም። «ምነው?»

«የሚጠመዘዘው ነው። ይቺ ተሳስታለች።»

ምሥጋናው ሳይዞር፣ «የካቲት ስምንት ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ቃለሕይወት ወረቀቷን ገልብጣ ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ቀን አየች። «የካቲት ስምንት።»

«ያን ቀን የተመለከትኩት ሽበቱን አልነበረም።»

ሂሻም ጉሮሮውን ጠረገ። ካርቶኑን አየ፣ ሰማዩን አየ። «እኔ... ጎማውን ልየው» ብሎ ተነሣ። ትንሽ ሄደና፣ «አራቱንም ነው የማየው!» ብሎ ጮኸ፤ ቁልቁል ወረደ።

*

የቀሩትን አምስቱን ቃለሕይወት ብቻዋን ጨረሰቻቸው። ሁሉም ልክ ነበሩ። ወረቀቶቹን ሰብስባ፣ አስተካክላ፣ ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው፤ እጇን ግን ከላያቸው አላነሣችም።

«ይቅር በለኝ» አለችው። «ዋሻው ውስጥ ያልኩህን ሁሉ።»

«ይቅርታ አይጠይቁኝ» አለ ምሥጋናው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። «እዚያ ውስጥ ዝም ያልኩት በደል ሳይኖርብኝ ቀርቶ አይደለም። በእጄ አላደረግኩትም። ግን ተመኝቼዋለሁ። ወረቀቶቹ በጠፉ ብያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ሲጠይቁኝ እንዴት ብዬ የለሁበትም ልበል?»

ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ የሰው ድምፅ መጣና ራቀ።

«ሂሻም ሊሰርዝ ሲል ነገሩ ገብቶህ ነበር?» አለችው።

«ገብቶኝ ነበር።»

«ዝም ብትል ክረምቱን እዚህ እንደምከርም ዐውቀህ?»

«ዐውቄ።»

«እና ተናገርክ።»

«ተናገርኩ።»

እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ። አልጠረገችውም። ወረቀቶቹ ላይ እንዳይነካቸው ብቻ ራቅ አደረገቻቸው። ምሥጋናው አጠገቧ መቀመጥ ፈለገ፤ ሦስት እርምጃ ነበር የሚለያያቸው፤ ሁለቱን ተራመደና ቆመ።

«እንግዲህ ሥራዬ አለቀ» አለች። «ፈታኞቹ የሚጠይቁኝ ነገር የለም። የምመለስበት ምክንያት የለኝም።»

«የለም» አላት። ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው፤ ግን እውነት ነበር፣ እውነትነቱንም በገዛ እጁ ያመጣው እሱ ነው።

«ምክንያት ሳይኖረኝ ብመጣስ?»

ምሥጋናው ቀና አለ።

«ቀላል አይደለም» አለች በችኮላ፣ እንዳያቋርጣት የፈራች ይመስል። «አባቴ አርባ አንድ ወረቀት አይቶ ዐይንህን ያምን ይሆናል፤ ዐይንህን አመነ ማለት ግን ለልጁ ተመኘህ ማለት አይደለም። ይቆጣል። ምናልባት ለዓመት አያናግረኝም። እዚህም ሰው ዝም አይልም። ሽበት ፈላጊዋ ሥራዋን ጨርሳ ምን ቀራት ይላሉ። አባ ደባሱ ምን ይላሉ? እኅትህስ?»

ምሥጋናው ከሰው ጋር ሲነጋገር መሬት የሚያይ ሰው ነው። ሰባት ወር ሙሉ የቃለሕይወትን ፊት ያየው በመብራት ብልጭታ፣ በስርቆሽ፣ ሌላ ነገር ስታይ ነበር። አሁን በቀን ብርሃን፣ ፊት ለፊት፣ ዐይኑን ሳይሰብር አያት። እርጥብ ዐይኗን አየ፤ የከሳውን ጉንጯን አየ፤ ለእሱ ብላ ከአባቷ ጋር የተከራከረችበትን አፍ አየ።

«ሰው የሚለውን እኔ እሰማዋለሁ» አላት። «አንቺ ብቻ ነይ።»

ከታች የመኪናው ጥሩምባ አንድ ጊዜ፣ እየፈራ፣ ተሰማ። ቃለሕይወት ተነሣች። የቀረችውን አንዷን እርምጃ የተራመደችው እሷ ናት። እጁን ያዘች፤ የጣቷን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ሙሉ መዳፏን ሰጥታ፤ መዳፏም ከሽበቱ እርጥበት የተነሣ ቀዝቃዛ ነበር።

«መቼ ብለህ አትጠይቀኝ» አለችው።

«አልጠይቅም።»

ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቁልቁል ወረደች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ዞር ሳትል ትንሽ ቆየች፣ ከዚያም ድንጋዩ ጋረዳት። ምሥጋናው መኪናው ተነሥቶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሥጋቱ እንዳለ ነበር፤ ናፍቆቱም ከአሁኑ ጀምሮታል። ነገር ግን በዚያን ዕለት የተናገረውን ሁሉ ቃል በቃል መልሶ ቢያስበው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምነው ባልተናገርኩት ብሎ የሚጸጸትበት አንድም አላገኘም።